ጋሼ አስናቀና ያልተቀየረው የፍሬን ሸራ

ትራሜን መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሜ ዳቦ በአይብ ስገምጥ ስልኬ ተንጫጫ። የማኅበራችን ግሩፕ ነው። «ጋሼ አስናቀ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ለቅሶው እዚሁ ዴንሃግ፣ ሙርዋይክ፣ የሰፈሩ አዳራሽ ነው» ይላል። ከሥሩ አንዱ አውራ ጣቱን ቀስሮ ላከ። ሌላው፣ ለማን ሊልክ እንደነበር እንጃ፣ ፊኛና ኬክ ላከ። ጋሼ አስናቀ የገዛ መርዷቸው ሥር ኬክ ተቀምጦ ቢያዩ ኖሮ፣ በዚያ የጠፋ ሞተር በሚያስነሳ ሳቃቸው የሦስተኛ ፎቅ ቤታቸውን መስኮት ያረግፉት ነበር።

ዳቦውን መልሼ ጠቀለልኩት። በሃያ ዓመት የትራም ሥራዬ ሳልጨርሰው የቀረ ምሳ ያ ብቻ ነው። ከዚያ የመነሻ ሰዓቴ ደረሰና ተነሳሁ፤ የትራም ፕሮግራም ለቅሶ አያውቅም። ሁለት ፌርማታ ሳልቆም ማለፌን የነገረችኝ ከኋላ የጮኸች አንዲት ሴትዮ ናት። በእሷ ጩኸት የነቃው የከተማው ሕዝብ ግማሽ ይሆናል።

ጋሼ አስናቀን ያወቅኋቸው በዚያው ትራም ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ሙርዋይክ ላይ አንድ አጭር ሽማግሌ በፊተኛው በር ገቡ። ሰውነታቸው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያህላል፤ እጃቸው ግን አካፋ ነው። ፈጣሪ እጃቸውንና ገላቸውን ከተለያየ መጋዘን ያወጣ ነው የሚመስለው። በግራ እጃቸው ላይ ሁለት ሰዓት፣ ጎን ለጎን፣ አስረዋል። አልተቀመጡም። ዘንበል ብለው ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ሰጡና ሁለት ፌርማታ ያህል አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና በጥሩ አማርኛ፦

«ልጄ፣ የኋላው የብረት ጎማ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል። ይንኳኳል። አይሰማህም?»

«የሚንኳኳው ልቤ ነው አባባ፤ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አልኳቸው።

«ልብህንም ሰማሁት። እሱ ደህና ነው። ያኛውን አሳይ።»

አሳየሁ። የጋራዡ ፈረንጆች በመሣሪያ ለክተው ከሁለት ቀን በኋላ «ልክ ነህ፤ እንዴት አወቅህ?» አሉኝ። «ሰምቼ ነዋ!» አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ጆሮው እንደ ውሻ የሆነ ኢትዮጵያዊ እየተባልኩ እከበራለሁ። ጋሼ አስናቀም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ትራሙ» ይሉኝ ነበር።

መካኒክ ነበሩ። በስደት መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ቢወጡም መካኒክነታቸው አልለቀቃቸውም። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ተከራይ ምድር ቤት ለዕቃው የምትሰጠው ጠባብ ክፍል አለችው፤ ሌላው ሰው የገና ዛፍና የተሰበረ ወንበር ያጉርባታል። የእሳቸው ግን የመላው ሙርዋይክ ብስክሌት ሆስፒታል ነበረች። ክሪኩ፣ ካቻቪቴው፣ ቁልፎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ብስክሌቱን በነጻ ይሠሩና ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ መሪውን አይለቁለትም። መጀመሪያ መንገዱ ላይ እስከ ጥጉ ነድቶ ሲመለስ እሳቸው እጃቸውን ያነሳሉ፤ «ያዝ!» ይላሉ፤ ሰውየው እግራቸው ሥር መቆም አለበት። ካልቆመ ብስክሌቱ ተመልሶ ይገባል። አንድ የሰፈሩ ፖሊስ ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ያለፈበት ቀን አለ።

ፍሬን ነገር ሆኖ እጃቸው ሳይነካው አያልፍም። የማያውቁት ሰው ብስክሌት ቆሞ ካዩ ፍሬኑን ጨበጥ አድርገው ይለቁታል። የሕፃን ጋሪም እንደዚያው። የሮተርዳሟ እትዬ ዘነበች፣ የማኅበራችን ትልቅ ሴት፣ የጉልበት ሕመም ስላለባቸው ባለ ጎማ መደገፊያ ይገፋሉ። ጋሼ አስናቀ ባገኟቸው ቁጥር ሰላምታውን ትተው ወደ መደገፊያው ጎንበስ ይላሉ።

«እኔን ሳሙኝ እንጂ፣ ብረቱ ምን ያደርግልዎታል!» ይላሉ እትዬ ዘነበች።

«ብረቱ ከጣለሽ ማንን እስማለሁ?» ይላሉ ጋሼ አስናቀ ከታች።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ በሁሉም ቦታ ይሠሩበታል። «መፍጠን ለማንም አይከብድም፤ መጨረስ ነው ሥራው።» ቅዳሴ ሲረዝም ይህንን፣ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሲንዛዛ ይህንን፣ የሰው ትዳር ሲንገጫገጭም ይህንን ይላሉ። ሠርግ ላይ ደግሞ የምግቡን ሰልፍ እሳቸው ካልመሩት አይሆንም። ሮተርዳም አንድ ሠርግ ላይ ሦስት አስተናጋጅ አሰልፈው «አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ወጥ፣ አንዱ መጠጥ! ማንም በማንም ፊት አያልፍም!» እያሉ ያን ሁሉ ሰው ሙሽሮቹ ከመኪና ሳይወርዱ አብልተው ጨረሱት። ሙሽሪት ስትገባ እኛ እጃችንን እየታጠብን ነበር።

«ይህን የት ተማሩት?» ሲባሉ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

በወጣትነታቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኞር ኤቶሬ የሚባል ጣሊያናዊ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ አገሩን ከረሳ ቆይቷል፤ በአማርኛ ሲሳደብ የጎጃም ነጋዴ ያስደነግጣል፣ ይጾማል፣ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ይህ ሰው በራሱ እጅ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከእንቁራሪት ከፍ የማትል የእሽቅድምድም መኪና ሠራ። ሠርቶም አልቀረ፤ በመርከብ አሳፍሮ፣ ወጣቱን አስናቀን አስከትሎ አውሮፓ ወሰዳት። ውድድሩ ሃያ አራት ሰዓት ነው። መኪኖቹ ተራራ የሚዞር አንድ መንገድ ላይ ቀኑንም ሌሊቱንም ይሽከረከራሉ፤ ሁለት ሹፌር እየተቀያየረ ይነዳል፤ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ሁለተኛውን ሹፌር ሲኞር ኤቶሬ በደብዳቤ ነበር ያገኘው፤ ሄንክ የሚባል የሆላንድ ወጣት።

የአስናቀ ሥራ ነዳጅ፣ ጎማና ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳዋ ጥቁር ናት፣ በጠመኔ ይጻፍባታል። «እዚያ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደንቆሮ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ አስናቀ። «ሞተሩ አደንቁሮታል። ስንተኛ እንደሆነ፣ ነዳጁ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው መንገድ ዳር በቆመ ሰው ሰሌዳ ብቻ ነው። ያልተጠራ ሹፌር አይገባም። ደንብ ነው። እኔ ነበርኩ ጠሪው!» ይህንን ሲሉ ሁለቱን እጆቻቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሳሉ፤ ሰሌዳው እዚያ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ እንኳን አንድ ጊዜ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

ችግሩ ታሪኩ ሁልጊዜ ሲነጋ ያበቃል። ውድድሩ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ ብለው፣ ዝናቡን፣ ጭጋጉን፣ ጎማው የፈነዳበትን ነግረውን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲኞር ኤቶሬ ደክሞት ለሄንክ መሪውን ሰጠ ይላሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን ያነሳሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጋ።»

«እኮ ስንተኛ ወጣችሁ?»

«ረፍዷል፤ ልሂድ።»

እትዬ ዘነበች ይህን መቼም አልማሯቸውም። «ሃያ አራት ሰዓት የሚሮጥ መኪና እሳቸው አፍ ውስጥ ሲገባ በየዓመቱ ጠዋት ላይ ነዳጅ ያልቅበታል» ይሉና አዳራሹን ያስቁታል። በእውነቱ ከሆነ ማንም አላመነም። እኔም አላመንኩም፤ ግን አንድን ጥሩ ውሸት ማክበር አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ የምተዳደረው በዚያ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም የልባቸው በር ላልቷል አላቸው። በሳምንቱ ደረታቸውን ከፍተው ሊሠሩት ቀጠሮ ያዙ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉልኝና «ትራሙ፣ ምድር ቤት ና» አሉኝ። ሄድኩ። አንድ የተገለበጠ ብስክሌት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አይሠሩም። ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

«ከነጋ በኋላ ያለውን ልንገርህ» አሉኝ።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም።

«ሄንክ መሪውን ይዞ ሊነሳ ሲል ሰሌዳዬን ነጥቆ በጠመኔ አሥር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ፍሬኑን ረገጠ ረገጠ አደረገና ወደ ጎማው ጠቆመ። የፍሬን ሸራ ማለቱ ነው። እሺ አልኩት። ሄደ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ውድድሩ የሚያልቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«በአሥር ሰዓት ተጀምሮ በአሥር ሰዓት ነው ያሉን።»

«አዎ። በእኛ አሥር፤ ከሰዓት በኋላ። ያኔ ክንዴ ላይ የነበረው ሰዓት ሲኞር ኤቶሬ የሰጠኝ ነው፤ የምንሠራው በእኛው አቆጣጠር ነበር። እኔ ያን ቁጥር ሳይ ምን አልኩ መሰለህ? 'ይህ ልጅ ሸራው እስከ መጨረሻው ይበቃኛል፣ አታስቁመኝ ነው የሚለኝ፤ ምን ዓይነት ጀግና ነው!' አልኩ። እሱ ግን የጻፈው የፈረንጁን አሥር ነበር። ለእኔ አራት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ ሸራው እንዲቀየርለት ሊገባ።»

የተገለበጠውን ብስክሌት ጎማ በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ሲኞር ኤቶሬ እዚያው ተኝቷል። ቀስቅሼ ብጠይቀው ኖሮ በቃ ነበር። ደክሞታል አልኩ። ደግሞ ኮርቻለሁ፤ ሰሌዳ የያዘ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሄንክ በየዙሩ አንገቱን አዙሮ ያየኝ ጀመር። በየዙሩ፣ ትራሙ! እኔም እጄን አውለበለብኩለት። በርታ ብዬ።»

«እና?»

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አልመጣም።»

መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አጥታ ግንብ መትታለች። ሄንክ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አስናቀ የተጨማደደውን ብረት ፈትቶ የግራውን ሸራ ሲያወጣው ብረት በብረት ሆኗል። ያኔ፣ ሸራውን በእጁ እንደያዘ፣ የፈረንጅ ሰዓት ትዝ አለው። ወደ አገር የሚመልሳቸው መርከብ ከመነሳቱ በፊት ወደብ ላይ ሁለተኛውን ሰዓት ገዝቶ ከመጀመሪያው ጎን አሰረው።

«ሲኞር ኤቶሬ ምን አለዎት?»

«ምንም። ጥፍሬ ላይ ቆሻሻ ካየ ቀኑን ሙሉ ሲሰድበኝ የሚውል ሰው፣ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። መርከቡ ላይ ምንም። አዲስ አበባ ስንገባ ምንም። በነጋታው የሰው መኪና አቀረበልኝና 'ካንዴላውን ቀይር' አለኝ። ቢሰድበኝ እኮ እነግረው ነበር።»

ጣሊያንኛ አቀላጥፈው እያወቁ ሆላንድ ለምን እንደመጡ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «የብስክሌት አገር ስለሆነ» ብለውኝ ነበር። ለካ የመጡት ለሄንክ ነው። አገሩን በረገጡ በመጀመሪያው ዓመት አድራሻውን ከስልክ ማውጫ አግኝተዋል፤ አምስተርዳም ኖርድ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በጀልባ ተሻግሮ። ያንን ውኃ በየዓመቱ ውድድሩ በነበረበት ወር ሲሻገሩ ኖረዋል። ማዶ ይደርሱና የጀልባዋ መዝጊያ እንደ ድልድይ ሲወርድ ሌላው ሰው ሲወጣ ያያሉ፤ በዚያው ጀልባ ይመለሳሉ። ከሠላሳ ጊዜ በላይ!

«ልቤን ከመክፈታቸው በፊት ልነግረው እፈልጋለሁ። ብቻዬን ከሄድኩ እመለሳለሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

ስልኩን እኔ ደወልኩና ሰጠኋቸው። ስልሳ ዓመት ገደማ ያልተያየ ሰው ድምፁን ሲሰማ ምን ይላል? ያለቅሳል? ይጮኻል? ሄንክ የሆላንድ ሰው ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ወረቀት ሲገላበጥ ከስልኩ ይሰማል። «ሐሙስ በአሥር ተኩል ይመችሃል?» አለ። ጋሼ አስናቀ እሺ ብለው ዘጉ። ከዚያ ላብ አጠመቃቸውና መልሰው ደወሉ። «ከጠዋቱ ነው?»

ሐሙስ ጠዋት ከዴንሃግ በባቡር ሄድን። ከረባት አስረዋል። በመንገድ ላይ ያወሩት ሁሉ ስለ ባቡሩ ፍሬን ነው። ጀልባዋ ማዶ ስትደርስ መዝጊያው ወረደ፣ ሰዉ ከነብስክሌቱ ፈሰሰ። እሳቸው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ወርዷል እኮ።»

«አየሁት። መመለሻ አለ?»

«በየአምስት ደቂቃው።»

«እንግዲያውስ» አሉና ረገጡ። ያቺን አንድ እርምጃ ለመርገጥ ዕድሜ ልክ ፈጅቶባቸዋል፤ ይህን አጋንኜ አይደለም።

ሄንክ በሩን ከፈተ። ጣሪያ የሚነካ ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ግራ እግሩ አይታጠፍም፣ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይከተለዋል። እርስዎ መባል አልወድም ስላለኝ እኔም አንተ ብዬዋለሁ። የጋሼ አስናቀን ፊት አልለየውም። እጃቸውን ሲያይ ግን አፉን ያዘ። «የሰሌዳው ልጅ!» አለ በሆላንድኛ። «የሰሌዳው ልጅ! ግባ፣ ግባ!»

ቡና ቀዳልን። ከብረት ቆርቆሮ አንድ አንድ ብስኩት አደለንና ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ጋሼ አስናቀ አልተቀመጡም፤ ሁለቱን ሰዓቶች ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና ጣሊያንኛ በተቀየጠ ሆላንድኛቸው፣ ቆመው፣ ሁሉንም ነገሩት። ሄንክ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ረዘም ላለ ጊዜ ሰዓቶቹን አየ።

«የእኔ አሥር ለእናንተ አራት ነው?»

«አዎ። ቀኑን ከንጋት ነው የምንጀምረው።»

«ማን ነው ከንጋት የሚጀምረው?»

«ፀሐይ» አሉ ጋሼ አስናቀ።

እኔ ልስቅ ነበር፤ ሄንክ ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጠረጴዛውን ይዞ ተነሳ።

«በየዙሩ አየሁህ! እጅህን አወዛወዝክልኝ! እኔ እኮ ሰሌዳው ወጥቶ ያላየሁት መስሎኝ ነው! ዓይኔ ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ አልፌዋለሁ አልኩ! እግሬ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልተወዳደርኩም። ዓይኑን የማያምን ሰው ይወዳደራል? ለአባቴ፣ ለሚስቴ፣ ለሁሉም 'ሰሌዳውን ሳላየው ቀረሁ' እያልኩ ነው የኖርኩት! ውጣ!»

ጋሼ አስናቀ ሰዓቶቻቸውን አነሱ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ በሩ ሄዱ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን መካኒክነታቸው አሸነፋቸው፤ ዞር አሉ።

«ሄንክ፤ ያለቀው የግራው ሸራ ነው። የቀኙ ገና ነበረው። አንተም ፍሬን ዘግይተህ ትይዛለህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባ ነበር። «ውጣ!» የሚለው ሁለተኛ ጩኸት ውኃውን ተሻግሮ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሰፈር ድረስ እርግቦቹን ሳያስነሳ አልቀረም።

ስንመለስ ጀልባዋ ላይ ብረቱን ተደግፈው ቆሙ። እንባቸው ይወርዳል፤ አፋቸው ግን ይስቃል።

«ተቆጣኝ» አሉ።

«ሰማሁ፤ ያልሰማ የለም።»

«ስልሳ ዓመት እኮ ነው አንድ ሰው እስኪቆጣኝ የጠበቅሁት።» ትንሽ ቆይቶ ሳቃቸው ጠፋ። «ግን አልማረኝም፣ ትራሙ።»

ደረታቸው ተከፍቶ ተሰፍቶ በሰላም ወጡ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሆስፒታል ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ስልካቸው ጮኸ። ሄንክ ነው። ጥግ ድረስ ይሰማል። «እንዴት ነህ ልልህ አይደለም የደወልኩት። የግራው ሸራ ስንት ሚሊሜትር ቀርቶት ነበር?»

«ምንም አልቀረውም አልኩህ!»

«የቀኙስ?»

«አራት!»

«አይሆንም!»

ነርሷ መጥታ የልብ መቆጣጠሪያውን አየችና ስልኩን ልትነጥቃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ተኩል ነበር፤ የፈረንጁ አሥር ተኩል። አንዳንዴ በስልክ፣ አንዳንዴ ጋሼ አስናቀ ራሳቸው ተሻግረው። አንዲት የቁልቁለት ኩርባ ላይ ብቻ አራት ወር ተጨቃጨቁ። ጋሼ አስናቀ ኩርባዋን በካርቶን ላይ ስለው፣ መኪና አድርገው የክብሪት ቀፎ ይዘው ሄዱ። ሄንክ የራሱን ካርቶን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሄንክ ደጅ ሲወጣ የሚሄድባት ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ወንበርም ፍሬኗ በየጊዜው ይታይላት ነበር፤ እንዲያውም በመላው ኖርድ እንደ እሷ ቀጥ ብላ የምትቆም ተሽከርካሪ አልነበረችም።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እስካሁን ይቅር አላለዎትም?»

«አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቁትም? ሰው እኮ ካልወደደው ሰው ጋር በየሳምንቱ አይጨቃጨቅም…»

«ይህ አይጠየቅም» አሉኝ። «ያን ጊዜ ሳይጠራ የዞረው እሱ ነበር። አሁን እኔ እዞራለሁ። ሲጠራኝ እገባለሁ።»

ሁለት ዓመት ዞሩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡና ጥደው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ።

ለሄንክ የደወልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ተሳስቼ አንድ የፒዛ ቤት ጋ ደውያለሁ። ነገርኩት። «ሐሙስ እኮ ቀጠሮ አለን» አለ። ከዚያ አድራሻውን ጠየቀኝና ዘጋ።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፣ የጋሼ አስናቀ ፎቶ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ ግራ እግሩን እየጎተተ ገባ። በጀልባ፣ በባቡርና በትራም ብቻውን መጥቷል፤ ኮቱ በዝናብ ርሷል። እግሩ ስለማይታጠፍ ሲቀመጥ መተላለፊያውን ዘጋው።

እትዬ ዘነበች በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ማነው ይሄ?»

«ሄንክ ነው።»

«የቱ ሄንክ?»

«የውድድሩ ሹፌር ነዋ። ከነጋ በኋላ ያለው።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ አዳራሹን ሲዞር ይታየኝ ነበር። ለካ ውሸት አልነበረም።

ፈረንጅ ለቅሶ ላይ ይናገራል፤ ልማዳቸው ነው። ሄንክ ተነሳና ወደ እኔ አየ። «ተርጉምልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ተርጓሚ ሆኜ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡኝ ሦስት አድርጌ የምመልስ ሰው ነኝ፤ ማኅበሩ ያውቀኛል። ያን ቀን ግን የተሰጠኝን ብቻ መለስኩ።

«አስናቀ ቤቴ መጥቶ የነገረኝ ቀን አባረርኩት» አለ። «ከዚያ በፊት ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ዕድሜዬን በሙሉ ኖሬያለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተናድጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለካ ዓይኔ ደህና ነበር አልኩ። ተነስቼ በመስኮት ጀልባዋን አየሁ። ይቅር ያልኩት ያኔ ነው። ሳይመሽ።»

ተረጎምኩ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

«ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገርኩትም። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ለእኔ የሚደውል ሰው አልነበረም። ይቅር ካልኩት ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱን ይተዋል ብዬ ፈራሁ። ማክሰኞም ያሰብኩት በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

ይህንንም ተረጎምኩ፤ ድምፄ ግን መሃል ላይ ጥሎኝ ሄዶ ነበርና ሁለት ጊዜ ጀመርኩት።

ከዚያ እትዬ ዘነበች መደገፊያቸውን ጨብጠው ተነሱ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስዞራቸው!» አሉ። «በለው፣ አሁን ይንገራቸው።»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ…»

«በለው አልኩህ! ያውና ሰውየው!» በአገጫቸው ወደ ፎቶው አመለከቱ።

ነገርኩት። ሄንክ ሴትዮዋን አየ፤ ፎቶውን አየ። «አሁን?» አለ።

«አሁን!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሳልተረጉምላቸው፣ በሆላንድኛ።

ሄንክ ያን እግሩን እየጎተተ የሰውን ጉልበት ሁሉ እየገፋ አዳራሹን አቋረጠ። ሊወድቅ ይችላል ብዬ ከኋላው ተከተልኩ። ፎቶው ፊት ሲደርስ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘና፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ ጎንበስ አለ። ጥቂት ቃል ነው የተናገረው፣ በቀስታ። ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም።

ስንመለስ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አላቸው?»

«ለእኛ አይደለም» አልኳቸው።